«አለ» እና «ነው»፦ ህልውና የእኛን ግንዛቤ ይጠብቃልን?

በቂሊንጦው ግቢያችን የኳንተም መካኒክስን መግቢያ ስናስተምር በየዓመቱ ሳይቀር የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ክፍለ ጊዜው አልቆ ሰሌዳውን ስንጠርግ ነው። «ዶክተር፣ ማንም ካልለካት ቅንጣቷ የለችም ማለት ነው?» ይላል አንዱ። ሌላው ቀበል አድርጎ «እንግዲያው ሰው ባይፈጠር ኖሮ ዓለምም ባልኖረች ነበር» ይላል፤ ክፍሉም ይሥቃል። ጥያቄው ከተማሪዎቻችን ብቻ የመነጨ አይደለም። የኳንተምን ስም እየጠሩ «ሐሳብህ እውነታን ይፈጥራል፤ ይህንም ሳይንስ አረጋግጧል» የሚሉ የማነቃቂያ መጻሕፍትና ንግግሮች በከተማችን እንደ ልብ ይገኛሉ። ከእነርሱ አንዱን ያነበበ ተማሪ ወደ ክፍል ሲመጣ መምህሩ ያንኑ በቀመር እንዲያጸናለት ይጠብቃል።

ቀደም ባሉት ዓመታት የምንሰጠው መልስ «ይህ የፍልስፍና ጥያቄ ነው፤ አንተ ስሌትህን ሥራ» የሚል ነበር። ዛሬ ስናስበው መልሳችን ሽሽት እንደ ነበር ይገባናል። ፊዚክስ የሚማር ወጣት «የምለካው ነገር ከመለካቴ በፊት ነበረ ወይ?» ብሎ ካልጠየቀ ማን ሊጠይቅ ነው? ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የራሳችንን አቋም ለመግለጽ ተነሥተናል። አንባቢ ባይስማማ መብቱ ነው።

ጉዳዩ በዘመናዊው ፍልስፍና ውስጥ ረጅም ታሪክ አለው። ኋላ ጳጳስ የሆነው አየርላንዳዊው ጆርጅ በርክሊ እ.ኤ.አ. በ1710 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የነገሮች መኖር ማለት በአንድ አእምሮ መታየታቸው ወይም መታሰባቸው ነው ሲል ተከራከረ። ሰው ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር ዛፉ እንዳይጠፋበትም ሁሉን ዘወትር የሚያይ አምላክ አለ አለ። አማኑኤል ካንት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1781 መካከለኛ መንገድ አበጀ፤ ነገሩ በራሱ ከእኛ ውጭ አለ፣ ነገር ግን እኛ ልናውቀው የምንችለው በጊዜ፣ በቦታና በምክንያትና ውጤት መነጽር አልፎ የደረሰንን ብቻ ነው አለ። በእኛም አገር በደርግ ዘመን ጥያቄው በየውይይት ክበቡ «ከቁስ አካልና ከንቃተ ህሊና የቱ ይቀድማል?» ተብሎ ይቀርብ ነበር። መልሱ አስቀድሞ የተወሰነ ስለ ነበረ ግን ጥያቄነቱ ቀርቶ የታማኝነት መለኪያ ሆነ። ታላላቆቻችን ዛሬም «ቁስ አካላዊነት» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፈገግ የሚሉት ለዚህ ይመስለናል።

ከሁሉ ይልቅ የፊዚክስን ሰው ዕረፍት የሚነሣው ግን ጀርመናዊው ማርቲን ሃይደገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 በታተመው «ህላዌና ጊዜ» በተሰኘው ሥራው፣ የኒውተን ሕጎች ኒውተን ከመግለጡ በፊት እውነት አልነበሩም ይላል። ይህን ያነበበ ተማሪ «ታዲያ ከኒውተን በፊት ፍሬ ከዛፍ አይወድቅም ነበርን?» ብሎ ቢቆጣ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ሃይደገር እዚያው ላይ ሐሰትም አልነበሩም ይላል፤ በሕጎቹ የተገለጡት ነገሮች ለእኛ የሚታዩን ቀድሞውኑ እንደዚያው ሆነው እንደ ነበሩ ነው ሲልም ያክላል። በእርሱ አነጋገር በሰው ግንዛቤ ላይ የሚመረኮዘው «ህላዌ» ነው እንጂ ያሉት ነገሮች ራሳቸው አይደሉም። አብዛኛው አንባቢ ይህን ልዩነት ሳይጨብጥ ያልፋል፤ እኛም በተማሪነት ዘመናችን ከአንድ ጊዜ በላይ አልፈነዋል።

በዚህ ረገድ የራሳችን ቋንቋ ያግዘናል። በእንግሊዝኛ ወይም በጀርመንኛ መኖርንም መሆንንም በአመዛኙ የሚሸከመው አንድ ግሥ ነው። አማርኛ ግን ለሁለቱ ሁለት ቃል አለው። «ውኃው አለ» ስንል ስለ መኖሩ እንናገራለን፤ «ውኃው ንጹሕ ነው» ስንል ስለ ምንነቱ እንፈርዳለን። «ህልውና» የምንለው ቃል ራሱ ከግእዙ «ሀለወ» የወጣ፣ የ«አለ» ዘመድ ነው። አቋማችንን በዚህ ልዩነት እንገልጸዋለን፦ «አለ» የነገሩ ነው፤ «ነው» ውስጥ ግን የእኛ እጅ አለበት። በእርግጥ ድንበሩ ይህን ያህል የጠራ አይደለም። «አለ» ያለ ሰው «ምን አለ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ መልሱም ስም ያስፈልገዋል፣ ስሙም ጽንሰ ሐሳብ። ስላለፈው ጊዜ ስንናገር ደግሞ ቋንቋው ሁለቱን መልሶ ያዋሕዳቸዋል፤ «ነበረ» መኖርንም መሆንንም ይገልጻልና። ቢሆንም ልዩነቱ ሩቅ ይወስደናል።

አስቀድመን፣ ህልውናቸው በእውነት በሰው ግንዛቤ ላይ የተንጠለጠለ ነገሮች መኖራቸውን መካድ አይገባንም። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች እንደሚቀየሩ በታወጀ ጊዜ በየሣጥኑ የተቀመጠው ወረቀት አንድም አቶም አልተለወጠበትም። የመለወጫው ሦስት ወር ሲያበቃ ግን ገንዘብ መሆኑ ቀረ፤ ወረቀትነቱ እንዳለ ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሰርል እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው መጽሐፍ ገንዘብን፣ ድንበርንና ጋብቻን የመሳሰሉት ነገሮች የሚኖሩት ሰዎች በጋራ እስከ ተቀበሏቸው ድረስ መሆኑን በሰፊው አብራርቷል። በባዕድ አገር ስንት ክረምት የፈጀንበት የዶክትሬት ወረቀታችንም ከዚሁ ወገን ነው። ስሕተቱ የሚመጣው በብሩ ላይ እውነት የሆነውን ወስደን በድንጋዩ ላይ ስንጭነው ነው።

ከድንጋይ ላይ ስለ ደረስን ወደ ድንቅነሽ እንለፍ። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር፣ ሐዳር በተባለው ስፍራ አጥንቶቿ ሲገኙ፣ ተመራማሪዎቹ ባረፉበት ድንኳን ይሰማ በነበረ የእንግሊዝኛ ዘፈን ምክንያት «ሉሲ» ተባለች። እኛ ድንቅነሽ አልናት። ለዝርያዋ ሳይንሳዊ ስም የወጣላት ደግሞ ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ሦስቱም ስሞች የእኛ ናቸው። ዕድሜዋስ? ወደ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚለው ቁጥር የተገኘው በዚያ አካባቢ በደለል መካከል ከተኙት የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፎች ነው። በአመዱ ማዕድናት ውስጥ ፖታሲየም 40 የተባለ ጨረር አመንጪ አቶም አለ፤ ግማሽ ዕድሜውም ወደ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ነው። ከሚፈርሱት አቶሞች ከመቶው 11 ያህሉ አርጎን 40 ይሆናሉ፤ የቀሩት ካልሲየም 40 ይሆናሉ። አለቱ ቀልጦ ሳለ አርጎን ጋዝ በመሆኑ ያመልጣል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን በማዕድኑ ውስጥ ታስሮ ይጠራቀማል። ተማሪዎች ስሌቱን ራሳቸው ሊሞክሩት ይችላሉ፦ ከ1 ሚሊዮን የፖታሲየም 40 አቶሞች መካከል በ3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚፈርሱት 1,800 ያህሉ ብቻ ናቸው፤ ከእነዚያም ውስጥ ወደ አርጎንነት የሚለወጡት 190 ያህል ናቸው። እነዚህ ጥቂት አቶሞች ቆጣሪ ሳይኖራቸው አንድ በአንድ ተጠራቀሙ። «ዓመት» የሚል መለኪያ በምድር ላይ ባልነበረበት ዘመን ሰዓቱ ይሠራ ነበር።

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ካንታን ሜያሱ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው መጽሐፍ የካንትን ወራሾች የሞገታቸው እንዲህ ባለው ነገር ነው። ዓለም ከሰው አእምሮ ጋር ባላት ግንኙነት ብቻ የምትታሰብ ከሆነች፣ አእምሮ ከመፈጠሩ በፊት ስለሆነው ነገር ሳይንስ የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ትርጉሙ ምንድን ነው? ድንቅነሽ ራሷ ዓይን ነበራት የሚል ቢኖር የደጋችንን ባዝልት ይውሰድ፤ አብዛኛው ከምድር ከፈሰሰ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። ያም ካልበቃው ምድር ራሷ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ አላት። ከካንት ወገን የሚሰጠው የተለመደ መልስ «ያለፈው ዘመን ማለት ዛሬ ለእኛ እንዳለፈ ሆኖ የሚታየን ነው» የሚል ነው። መልሱ ብልኀት አለበት፤ እኛን ግን አያረካንም። «አመዱ የወደቀው ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው» የሚል የከርሰ ምድር ባለሙያ «ለእኛ ሲታየን» የሚል ቅጥያ አይጨምርም፤ ቢጨምር ሌላ ነገር ተናገረ ማለት ነው።

ከአጥንት ወደ ብራና ብንመጣም ነገሩ ያው ነው። የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኢትዮጵያዊ ሊቅ እንደ ተጻፈ የሚያምኑ አሉ፤ ኢጣሊያዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1920 መጽሐፉ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአገራችን የነበረው ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የደረሰው ነው አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ክሎድ ሰምነር ለኢትዮጵያዊነቱ ተሟገቱ፤ ክርክሩ አሁንም ቀጥሏል። በአገር ፍቅር ስሜት አንዱን ወገን መምረጥ ቀላል ነው። የጻፈው ሰው ግን ጽፎ አልፏል፤ እኛ ብንስማማም ባንስማማም ብዕሩን የያዘው እጅ አይለወጥም።

«ኳንተሙስ?» የሚለውን ጥያቄ አልዘነጋነውም። እዚህ ላይ ዘርዘር ማለት ግድ ይላል፤ ስሕተቱ የሚጀምረው «መመልከት» ከሚለው ቃል ነውና። በቤተ ሙከራ ቋንቋ መመልከት ማለት ሰው ዓይኑን መግለጡ ሳይሆን ቅንጣቷ በሌላ ነገር ላይ አሻራዋን መተዋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በቪየና የሚገኙ ተመራማሪዎች 60 የካርቦን አቶሞች እንደ ኳስ የተያያዙበትን ሞለኪውል በቀጫጭን ፍርግርግ ክፍተቶች አሳልፈው እንደ ሞገድ ራሱን በራሱ ሲያጠናክርና ሲያጠፋ አሳዩ። በኋላም የዚያው ቡድን አባላት አየር አልባ በሆነው ክፍል ውስጥ ጥቂት በጥቂት ጋዝ ሲጨምሩ የሞገዱ ምልክት እየደበዘዘ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ተመሳሳይ ሞለኪውሎችን በሌዘር አግለው ብርሃን እንዲያመነጩ ሲያደርጉ ያው ሆነ። ማን አያቸው? ማንም። አንድ የባዘነ የጋዝ ሞለኪውል ተጋጭቶ የመንገዳቸውን ወሬ ይዞ ሄደ፤ ይህ ብቻ በቃ። መሣሪያው የመዘገበውን ተመራማሪው ዛሬ ቢያነበው ወይም ከወር በኋላ ቢያነበው ውጤቱ አይጠብቀውም።

እውነት ነው፣ ዩጂን ዊግነርን የመሰለ ታላቅ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1961 የልኬቱ ፍጻሜ ንቃተ ህሊና ነው የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ይህን የሚጠቅሱ ሰዎች ዊግነር ራሱ ኋላ ላይ ሐሳቡን እንደ ተወው አይነግሩንም። በሌላ በኩል ሁሉም ነገር ተፈቷል ብለን ተማሪን ማታለል አንሻም። ጆን ቤል እ.ኤ.አ. በ1964 ያወጣው ቲዎረምና እርሱን ተከትለው የተደረጉት ሙከራዎች፣ ለእነዚህም አላን አስፔ፣ ጆን ክላውዘርና አንቶን ዛይሊንገር እ.ኤ.አ. በ2022 የኖቤል ሽልማት ያገኙባቸው፣ አንድ የቆየ ምኞታችንን አፍርሰዋል። ቅንጣቶች ከመለካታቸው በፊት የእያንዳንዱን ልኬት መልስ በኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ፣ ደግሞም አንዱ በሌላው ላይ ከብርሃን ፈጥኖ ተጽዕኖ አያደርግም፤ እነዚህን ሁለቱን በአንድነት ማመን አይቻልም። አንስታይን አንዱን ባልደረባውን ጨረቃ የምትኖረው ስታያት ብቻ ነውን ብሎ እንደ ጠየቀው ይነገራል። ጭንቀቱ ተገቢ ነበር፤ ምላሹ ግን እርሱ በተመኘው መልክ አልመጣም። በእኛ አነጋገር ኳንተም በብርቱ ያናወጠው «ነው»ን ነው፤ የኤሌክትሮኑ ሽክርክሪት ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች ነው የሚለውን። «አለ»ን በሰው አእምሮ እጅ አላስቀመጠውም።

ይህ ሁሉ ለፈላስፎች የተተወ ጨዋታ የሚመስለው አንባቢ ካለ ከቂሊንጦ ተነሥቶ በደብረ ዘይትና በሞጆ በኩል ወደ ስምጥ ሸለቆ ይውረድ። ከዚያ አካባቢ ከተሞች ከሚመጡት ተማሪዎቻችን መካከል ሲሥቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑ አሉ። ጥርሳቸው ቡናማ ነው። ምክንያቱም ፍሎራይድ ነው፤ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ በውኃ ውስጥ መኖሩን በጣዕም የሚለይ የለም። በስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ የሚያልፈው የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይዱን እያሟሟ ይይዛል፤ ውኃው ካልሲየም ስለሚያንሰው ፍሎራይዱ ከካልሲየም ጋር ተጣምሮ ወደ ታች አይዘቅጥም። የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው መመሪያ በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ግን ከዚህ የሚበልጡ ጉድጓዶች ብዙ ናቸው። ጥርስ በድድ ውስጥ በሚሠራበት የልጅነት ዕድሜ ፍሎራይዱ ሲበዛ የጥርስ ልባሱ አሠራር ይዛባል። ለረጅም ዓመታት ሲጠጣ ደግሞ ወደ አጥንት ይሻገራል፤ በወንጂ አካባቢ የጉድጓድ ውኃ ለብዙ ዓመት ሲጠጡ በኖሩ ሠራተኞች ላይ የአጥንት ፍሎሮሲስ መታየቱ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። ውኃውን ማፍላት አይረዳም፤ እንፋሎቱ ሲሄድ ፍሎራይዱ ይቀራል፣ መጠኑም በሊትር ይጨምራል። ልብ አድርጉ፤ «ውኃ አፍልቶ መጠጣት ጥሩ ነው» የሚለው ትክክለኛ ምክር ለጀርም እንጂ ለዚህ አይሠራም።

በአሜሪካ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ በተባለች ከተማ ፍሬድሪክ መኬይ የሚባል ወጣት የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1901 ሥራ ሲጀምር በዚያው ተወልደው ባደጉት ሰዎች ላይ ይህንኑ ቡናማ ጥርስ አየ። የከተማው ሰው ምክንያቱን ከአሳማ ሥጋ መብዛት፣ ከወተቱ መጥፎነት እያለ ይገምት ነበር። ምክንያቱ ፍሎራይድ መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። ሠላሳ ዓመት! በእነዚያ ዓመታት ስለ ፍሎራይዱ የሚያስብ አንድም አእምሮ በከተማዋ አልነበረም፤ ፍሎራይዱ ግን በየልጁ ጥርስ ላይ ይሠራ ነበር። በስምጥ ሸለቆአችን ደግሞ ሠላሳ ሳይሆን ስንት ትውልድ! «መኖር መታሰብ ነው» የሚለውን አስተምህሮ በዚያች ከተማ ልጅ ፊት እንዴት አድርገን እንደምናስረዳ አናውቅም።

የካንት ወገን ግን እዚህም የሚለው አለው፤ እኛም እንቀበለዋለን። «ፍሎራይድ» የሚለው ጽንሰ ሐሳብ፣ ንጥረ ነገርን ከንጥረ ነገር የሚለየው ሠንጠረዥ፣ 1.5 የሚለው ወሰን፣ ሁሉም የሰው ሥራ ናቸው። እነርሱ ባይኖሩ ጥርሱ ይበላሽ ነበር፤ የሚያጣራ መሣሪያ ግን ማንም አይሠራም ነበር። በዚህ ምክንያት «ንድፈ ሐሳብ ምን ያደርጋል፣ ቁሱ ያው ነው» ከሚሉትም ጋር አንስማማም። ለመኖሩ እኛን አያስፈልገንም፤ ለማወቁ ግን ከእኛ ሌላ ማንም የለም።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ከግቢያችን ብዙም ሳይርቅ የሚፈሰው የአቃቂ ወንዝ የከተማይቱን ፍሳሽ ይዞ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል። የቆዳ ፋብሪካዎች ለማልፋት የክሮሚየም ጨው እንደሚጠቀሙ የኬሚስትሪ ተማሪ ያውቃል፤ በወንዙ የሚለማው አትክልት ከባድ ብረቶችን እንደሚይዝም ከ20 ዓመታት በላይ የታተሙ ጥናቶች አሳይተዋል። ሆኖም በየስብሰባው «ስለዚህኛው ቦታ መረጃ የለም» ሲባል እንሰማለን፤ ንግግሩ ጥቂት ሳይቆይ «ችግር የለም» ወደሚል ይለወጣል። በርክሊ ይህን ቢሰማ ደቀ መዛሙርት አገኘሁ ባለ ነበር። «መረጃ የለም» የእኛ ጉድለት ነው፤ «ክሮሚየም የለም» ግን የውኃው ጉዳይ ነው። ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው የሚያሻግር ድልድይ የለም።

ባለፈው በጋ ጥቂት ተማሪዎችን ይዘን የውኃ ናሙና ለመቅዳት ወደ ወንዙ ወርደን ነበር። ሰላጣና ቆስጣ የሚያለሙ አንድ አዛውንት መስኖአቸውን ትተው መጡና ጠርሙሶቻችንን፣ ጓንታችንን፣ በየጠርሙሱ ላይ የምንለጥፈውን ቁጥር ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ «ታዲያ ውኃው ምን አለበት?» አሉን። አማርኛችን እንዲህ ነው፤ በውስጡ ምን እንዳለ መጠየቃቸው ይሁን ምንም የለበትም ማለታቸው ከድምፃቸው ልንለይ አልቻልንም። ከተማሪዎቻችን አንዷ «ገና አላወቅንም፣ አባባ» አለችና ጠርሙሱን ከደነች።